ማነቆው ወዴት ሄደ? የቤት ሲኒማ ኮምፒዩተርና የፊልም ሰርቨር ችግሮች አጭር ታሪክ

ደመወዝ የሚያሰላ ኮምፒዩተር ሥራውን በ2 ሰከንድ ቢያዘገይ የሚጎዳው ሰው የለም። ፊልም የሚያሳይ ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አይደረግለትም። ድምፅ ያለው ፊልም ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰከንድ 24 ምስሎች እንዲታይ ስለተወሰነ፣ መሣሪያው እያንዳንዱን ምስል ከዲስክ አንሥቶ፣ የተጨመቀውን ፈትቶ፣ ከድምፁ ጋር አስማምቶ በስክሪን ላይ ለማዋል በአማካይ ያለው ጊዜ ከ42 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ከዚህ ወሰን ባለፈ ቍጥር ተመልካቹ ወዲያው ያውቃል፤ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ይለያል፣ ወይም ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል።

ስለዚህም ፊልምና ሙዚቃ የሚያከማቸው የቤት ሰርቨርና ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘው የሲኒማ ኮምፒዩተር ታሪክ፣ በአንድ ፊቱ ሲታይ የመቆራረጥ ታሪክ ነው። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በየጊዜው የቀረበው ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ሰፊ ዲስክና ጠንካራ ኔትወርክ ችግሩን ለዘለቄታው ያስወገደ መስሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ማነቆው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ይህን ዝውውር መከታተል ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። የማነቆውን መንገድ የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ክፍል አውጥቶ ይጥላል፣ ገንዘቡንም ያለ ጥቅም ያፈሳል፤ አንዳንድ ጊዜም በምንም ገንዘብ ሊተካው የማይችለውን ያጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮሰሰሩና ሽቦው

በ1993 የወጣው ቪዲዮ ሲዲ ልኩ የተወሰነው ከማሽኑ ዐቅም በመነሣት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሲዲ ማንበቢያዎች በሰከንድ 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ያነብቡ ስለነበር፣ ምስልና ድምፅ ተጨምቀው በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ያህል ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። ዲቪዲ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ ግን ሚዛኑ ተለወጠ። በኤምፔግ 2 ስልት የተጨመቀው ምስል በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት ሊደርስ ይችል ነበር። ዲስኩ ይህን ያህል መረጃ ለማቅረብ አልተቸገረም፤ የተቸገረው የተጨመቀውን መፍታት የነበረበት ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ዲቪዲ በኮምፒዩተር ለማየት የፈለገ ሰው የመፍታቱን ሥራ ብቻ የሚሠራ ልዩ ካርድ መግዛት ነበረበት። አሥርቱ ዓመት ከማለቁ በፊት ፕሮሰሰሮች በረቱና ካርዱ አላስፈላጊ ሆነ። ብዙዎችም ጉዳዩ ያለቀ መሰላቸው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር በጣም አስተማሪ ነው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከዲስክ የሚመጣውን መረጃ በሁለት መንገድ ሊቀበል ይችል ነበር። በመጀመሪያው መንገድ መረጃው ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ወደ ማኅደሩ ይገባል፤ በሁለተኛውና በአሮጌው መንገድ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ እየተሸከመ ያስገባዋል። ሥርዓቱ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ከ6 ጊዜ በላይ ስሕተት ከገጠመው፣ ለጥንቃቄ ሲል ለባለቤቱ ምንም ሳይናገር ወደ አሮጌው መንገድ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ይቆራረጣል፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ መቶ በመቶ መድረሱም በመለኪያው ላይ ይታያል። ይህን ያየ ሰው «ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው» ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የደከመው የሌላውን ሸክም ተሸክሞ ነው። የስሕተቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል ነበር። ለፈጣኑ ዝውውር ባለ 80 ሽቦ ኬብል ያስፈልግ ነበር፤ የቀድሞው ባለ 40 ሽቦ ኬብልም መሰኪያው አንድ ዐይነት ስለሆነ ያለ ችግር ይሰካል። ጥቂት ብር በሚያወጣ ኬብል የሚድን ማሽን፣ ምልክቱ ብቻ ከታየ፣ አዲስ ፕሮሰሰር የሚያስገዛ በሽተኛ ይመስል ነበር።

ሰርቨሩ ከሳሎን ሲወጣ

በ1999 ቲቮ የተባለው መሣሪያ ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራምን በዲስክ ላይ ቀርጾ በፈለጉት ሰዓት ማየት የተለመደ ነገር መሆን ጀመረ። በ2002 አይዛክ ሪቻርድስ ይህንኑ ተግባር በተራ ኮምፒዩተር ለማከናወን የሚያስችለውን ሚዝቲቪ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጀመረ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ሚዲያ ሴንተር እትም አወጣ። ዛሬ ኮዲ ተብሎ የሚታወቀው ፕሮግራምም በዚያው ዘመን ለጨዋታ በተሠራው ኤክስቦክስ ላይ ተወለደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሌክስ፣ በ2018 መጨረሻም ጄሊፊን የተባሉት የሰርቨር ፕሮግራሞች ተከተሉ።

የዲስኮቹ ቍጥር እየበዛ፣ የማቀዝቀዣ ማራገቢያውም ድምፅ ፊልሙን እየረበሸ ሲሄድ፣ ማከማቻው ከሳሎን ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። በቴሌቪዥኑ ሥር የቀረው አነስተኛ ማሽን ብቻ ነበር። ማነቆውም ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ወጣና በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ተቀመጠ። በ1999 የጸደቀው የገመድ አልባ ኔትወርክ ደንብ በሰከንድ 11 ሜጋቢት፣ በ2003 የጸደቀው ደግሞ 54 ሜጋቢት ተብሎ ተሸጠ። ተጠቃሚው በተግባር የሚያገኘው ግን ከዚህ ግማሹን ወይም ከዚያም ያነሰ ነበር። ግድግዳና የጎረቤት ራዲዮ ሞገድ ሲጨመሩበት የበለጠ ይወርዳል። በ2006 የመጣው ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ሲጠይቅ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቍጥርና በእውነተኛው ዐቅም መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ሆኖ ወጣ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተው አማካይ ቍጥር ነው። የአንድ ፊልም አማካይ ፍሰት በሰከንድ 25 ሜጋቢት ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ፣ ጭስ ወይም የውጊያ ትዕይንት ሲመጣ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ወደ 40 ይወጣል። በአማካዩ ልክ የተዘረጋ መንገድ በጸጥተኛው ትዕይንት ሁሉ እንከን የሌለው ይመስላል፤ የሚከዳውም ተመልካቹ ይበልጥ በተመሰጠበት ሰዓት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ማነቆውን የፈጠረው መድኃኒቱ ራሱ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ፣ ሙዚቃና ፊልም እንዳይቆራረጡ ሲባል ድምፅ በሚጫወትበት ጊዜ የኔትወርኩ ሥራ በሚሊሰከንድ ከ10 የመረጃ ጥቅል እንዳይበልጥ ተገደበ። ይህም በሰከንድ ወደ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው። የ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ለነበረው ሰው ገደቡ አይሰማም፤ የጊጋቢት ኔትወርክ የዘረጋ ሰው ግን ሙዚቃ በከፈተ ቍጥር ፋይል የሚገለብጥበት ፍጥነት ሲያሽቆለቍል አየ። ከአንድ በላይ የኔትወርክ ካርድ ባላቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ ገደቡ ከታሰበው በላይ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የድርጅቱ ባለሙያ ማርክ ሩሲኖቪች ምክንያቱን በዝርዝር አብራርቶ ጻፈ። ኬብሉም፣ ካርዱም፣ ዲስኩም ጤነኞች ነበሩ። ታማሚው ተጠቃሚው ሳያውቀው ስለ እርሱ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

በ2010 ደግሞ ጂም ጌቲስ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ከቤቱ ብዙ ፋይል በሚልክበት ጊዜ የመሥመሩ መዘግየት ከ1 ሰከንድ በላይ መድረሱን አስተዋለ። መንሥኤው በመንገዱ ላይ ባሉት መሣሪያዎች ውስጥ የተሰጠው ከልክ ያለፈ የመጠባበቂያ ቦታ ነበር፤ ጥቅሎቹ በመጣል ፈንታ ረጅም ሰልፍ ይዘው ይቆማሉ። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ይህን ሰልፍ በርዝመቱ ሳይሆን በሚያስጠብቀው ጊዜ የሚቆጣጠር ዘዴ አቀረቡ። ከሩቅ አገር ሆኖ የወላጆቹን ሰርቨር ለሚከፍት ልጅ፣ የመሥመሩ ስፋት በቂ ሆኖ ሳለ ፊልሙ ለምን እንደሚዘገይ ከተገኙት መልሶች አንዱ ይህ ነው።

ጭመቃውና አንዲቱ የግርጌ ጽሑፍ

በ2003 የጸደቀው ኤች 264 የተባለው የጭመቃ ስልት ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በጣም ባነሰ ቦታ ለማኖር አስቻለ። ኔትወርኩ እፎይ አለ፤ ሸክሙ ግን ወደ ፕሮሰሰሩ ተመለሰ። ይበልጥ የተጨመቀ ነገር ለመፈታት ይበልጥ ያደክማልና። በ2013 የጸደቀው ኤች 265 ይህንኑ ጉዞ ቀጠለበት። አምራቾችም ፕሮሰሰሩን በማበርታት ፈንታ የመፍታቱን ሥራ ለተለየ የቺፕ ክፍል ሰጡ። ከ2011 ጀምሮ ኢንቴል ጨመቃንም ሆነ መፍታትን የሚያፋጥን ክፍል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማካተቱ የዚህ ጉዞ አንድ ምዕራፍ ነው።

በ2012 በ35 ዶላር የተሸጠው ራዝቤሪ ፓይ የለውጡን ጠባይ በግልጽ ያሳያል። ፕሮሰሰሩ እጅግ ደካማ ሆኖ ሳለ፣ የተለየው ክፍል ኤች 264ን በሙሉ ጥራት ይፈታ ነበር። ከዚያ በጣም የቀለለውንና ያረጀውን የዲቪዲ ኤምፔግ 2 ግን ያለ ችግር ማሳየት አልቻለም፤ ምክንያቱም የዚያ ስልት ክፍል የሚከፈተው ለብቻው በሚገዛ የፈቃድ ቍልፍ ነበር። ስለዚህ «ይህ ማሽን ምን ያህል ብርቱ ነው?» የሚለው የድሮ ጥያቄ ትርጉሙ ቀነሰ። «ይህን ፋይል ለመፍታት የተሠራ ክፍል አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ተተካ።

ሰርቨሩም አዲስ ተግባር ያዘ። የሚያሳየው መሣሪያ የፋይሉን ዐይነት የማያውቅ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ፊልሙን እየፈታና ወደ ሌላ ስልት መልሶ እየጨመቀ ይልካል። ይህ ከባድ ሥራ በትንሽ ነገር ይቀሰቀሳል። በብሉሬይ ላይ ያለው የግርጌ ጽሑፍ በፊደል ሳይሆን በሥዕል መልክ የተቀመጠ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ይህን ሥዕል ራሱ መደረብ ካልቻለ፣ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ጽሑፉን አትሞ ፊልሙን በሙሉ እንደ አዲስ ለመጨመቅ ይገደዳል። ስለሆነም አንድ ፊልም ያለ ጽሑፍ ሲታይ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ተኝቶ ይውላል፤ ጽሑፉ ሲከፈት ግን ይጨነቃል። ብዙ ሰው የሰርቨሩን ማኅደረ ትውስታ ይጨምራል፤ መልሱ የሚገኘው ግን የግርጌ ጽሑፉን ዘግቶ እንደገና በማየት ነው።

ምንም ሳይዘገይ የሚቆራረጥ ምስል

ከችግሮቹ ሁሉ ረቂቁ፣ የትኛውም ክፍል ሳይደክም የሚታየው መንቀጥቀጥ ነው። ሥሩ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት ይገኛል። በ1953 አሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ደንብ ስታጸድቅ፣ የቀለሙና የድምፁ ሞገድ እንዳይጋጩ በሰከንድ 60 የነበረው የምስል ምት ወደ 59.94 ዝቅ ተደረገ። ከዚህም የተነሣ በዚያ ሥርዓት የሚሰራጭ ፊልም በሰከንድ 24 መሆኑ ቀርቶ 23.976 ምስል ሆነ። የኤሌክትሪክ ኀይሉ 50 ሳይክል በሆነበት ክፍለ ዓለም ደግሞ ሌላ ልማድ ተያዘ። ኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ስትጀምር የገባችው በዚህኛው ወገን ነው። በዚህ ሥርዓት ፊልሙ በሰከንድ ወደ 25 ምስል ይፋጠናል፤ 100 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል።

የሲኒማ ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሁሉ ልማዶች ወረሰ። በሰከንድ 23.976 ምስል ያለውን ፊልም በሰከንድ ልክ 24 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ማሽን፣ ልዩነቱን ለመሙላት በየ42 ሰከንዱ ገደማ አንድ ምስል ይደግማል። 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ደግሞ አንዱ ምስል 2 ጊዜ፣ ተከታዩ 3 ጊዜ እየታየ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር አንካሳ እርምጃ ይታያል። በ2010 አካባቢ ለቤት ሲኒማ የተሸጡ አንዳንድ ቺፖች 23.976ን በትክክል መስጠት ባለመቻላቸው ጉዳዩ በሰፊው ተነሣ። በየ42 ሰከንዱ የሚመጣ መደናቀፍ የዲስክ ችግር ይመስላል፤ ነገር ግን ዲስክ እንደ ሰዓት ምት አይደናቀፍም። የችግሩ መደጋገም እኩል ከሆነ መንሥኤው የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የሁለት ሰዓቶች አለመስማማት ነው።

ዲስኩ ሲዘገይ

እስካሁን የተዘረዘሩት ችግሮች ቢከፉ አንድ ምሽት ያበላሻሉ። የዲስክ መዘግየት ግን ከዚህ የከፋ ነገር ሊያመለክት ይችላል።

በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ርካሽ ዲስኮችን በማቀናጀት ፍጥነትንና አስተማማኝነትን ማግኘት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረቡ። ሬይድ የተባለው ይህ ዘዴ ከትላልቅ ድርጅቶች ወደ ቤት ሰርቨር ወረደ፤ ከእርሱም ጋር አንድ የተሳሳተ እምነት ገባ። ዲስኮቹ ስለተደጋገፉ ብዙ ሰዎች ሌላ ቅጂ የማያስፈልግ መሰላቸው። ሬይድ የአንድ ዲስክን ሞት ይቋቋማል እንጂ በስሕተት የተደመሰሰን ፋይል፣ መብረቅን ወይም ሌባን አይመልስም።

በ2020 ጸደይ ደግሞ አንዳንድ አምራቾች ከሸጧቸው ዲስኮች መካከል የመረጃ መሥመሮቻቸው እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው የሚጻፉ እንዳሉባቸው፣ ይህንንም ለገዢው ሳይገልጹ እንደቆዩ አመኑ። እንዲህ ያለ ዲስክ ሲነበብ ደኅና ነው፤ ያለ ዕረፍት ሲጻፍበት ግን እጅግ ይዘገያል። የሞተውን ዲስክ ተክቶ የሬይዱን ይዘት እንደገና ለመሙላት ሲገባ፣ በሰዓታት ማለቅ የሚገባው ሥራ ቀናት ይወስዳል፤ ከነጭራሹ ሊቋረጥም ይችላል። በነዚያ ቀናት ውስጥ የተቀሩት ዲስኮች ያለ መጠባበቂያ ይሠራሉ።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ብዙ ጊዜ መዘግየት መሆኑ ነው። ለተራ ኮምፒዩተር የተሠራ ዲስክ የተጎዳ ቦታ ሲገጥመው ደጋግሞ ለማንበብ ረጅም ጊዜ ይታገላል። ለሬይድ የተሠራው ግን 7 ሰከንድ ያህል ሞክሮ ይተውና ጉዳዩን ለሥርዓቱ ያሳውቃል። በሳሎን ያለው ተመልካች የሚያየው ፊልሙ በአንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና ሲቀጥል ብቻ ነው። ይህን እንደ ፍጥነት ችግር ቆጥሮ ዲስኩን ሌት ተቀን የሚያለፋ ፍተሻ የሚያዝ ሰው፣ የቀረውን ዕድሜ በፍተሻው ሊጨርሰው ይችላል። በቤተ ሰብ ሰርቨር ላይ ደግሞ ከገበያ የሚገዛ ፊልም ብቻ አይቀመጥም። ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ የሠርግ ቀረጻ፣ የአያት ድምፅ፣ የክርስትና ምስል ይገኝበታል፤ የመጀመሪያው ካሴትም ከዕድሜ ብዛት ተበላሽቶ ወይም ማጫወቻው ጠፍቶ ዲስኩ ብቸኛው ቅጂ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። እዚህ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል በቀጥታ ይሠራል፤ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መመርመር።

መለካት

ስለ ማነቆ የሚያስተምረው ሕግ ከቤት ሲኒማ በፊት የተነገረ ነው። በ1967 በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው የኮምፒዩተር ጉባኤ ጂን አምዳል ያቀረበው ሐሳብ፣ የአንድን ሥራ ከፊል ብቻ ማፋጠን የሚያስገኘው ጥቅም ባልተፋጠነው ክፍል ይወሰናል የሚል ነው። ፊልም ለመክፈት 10 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ 7ቱ ዲስክን በመጠበቅ፣ 2ቱ በኔትወርክ፣ 1ዱ በፕሮሰሰር የሚጠፉ ቢሆን፣ ፕሮሰሰሩን በእጥፍ የሚፈጥን ማሽን የገዛ ሰው የሚያተርፈው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። በ1971 ዶናልድ ክኑዝ የፎርትራን ፕሮግራሞችን መርምሮ፣ ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ከመቶ 4 የማይሞላው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠውን የሥራ ሰዓት እንደሚወስድ አሳየ። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ የትኛው ክፍል ጊዜውን እንደሚወስድ በግምት አይታወቅም።

ልምድ ያለው ባለሙያ ወደ ተበላሸ የቤት ሲኒማ ሲጠራ የሚከተለው ሥርዓት ከዚሁ ታሪክ የተገኘ ነው። ዲስኩ የሚያስጠረጥር ከሆነ በቅድሚያ ሊተካ የማይችለውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን የስሕተት ቍጥርም ያነብባል። ቀጥሎ ፊልሙ የሚቆምበትን ቦታ ይመለከታል፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከሆነ ፋይሉን ወይም ዲስኩን፣ በየጊዜው በተለያየ ቦታ ከሆነ ኔትወርኩን፣ በእኩል ልዩነት ከሆነ የስክሪኑን ምት ይጠረጥራል። ከዚያም ያንኑ ፋይል በሲኒማው ኮምፒዩተር በራሱ ዲስክ ላይ አድርጎ ያያል፤ መቆራረጡ ከጠፋ መንገዱ፣ ካልጠፋ መፍታቱ ነው ጥፋተኛው። በየደረጃው የሚለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

የ1990ዎቹ ልዩ ካርድ፣ የ2001ዱ ኬብል፣ የ2007ቱ ገደብና የ2020ው ዲስክ ሁሉ ለተመልካቹ የሰጡት ምልክት ያው አንድ የሚቆራረጥ ምስል ነበር። ከእንግዲህም የሚመጣው ማሽን ማነቆውን ወደ አዲስ ቦታ ያዛውረዋል፤ ምልክቱ ግን ያው ይሆናል። ስለዚህ ለቤቱ ባለቤት የሚበጀው ባለሙያ አዲስ ዕቃ በእጁ ይዞ የሚመጣው ሳይሆን፣ መጀመሪያ «የት ላይ ነው የሚቆመው?» ብሎ የሚጠይቀው ነው።